የአንገቴ ጠባሳና የእናቴ ቃል

እናቴ ድምፅ አላት። ሌላው ሰው የለውም ማለቴ አይደለም፤ የእሷ ግን ለብቻው ነው። በራችን ላይ ቆማ ስትጣራ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው ባጃጅ እሱን የጠራችው መስሎት ይቆማል። ልጅ ሆኜ በዚህ ድምፅ ስንት ቀን ከጨዋታ መሀል ተለቅሜ እንደገባሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ምክንያቷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ምች። በስድስት ሰዓት ፀሐይ ውጪ የተገኘ ልጅ ምች ይመታዋል፤ ምች የመታው ልጅ ከንፈሩ ይቆስላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያም ዳማከሴ ተጨምቆ አፍንጫው ውስጥ ይንጠባጠብበታል። አድጌ የባዮሎጂ መምህርት ከሆንኩ በኋላ "እማዬ፣ ምች የሚባል በሽታ እኮ መጽሐፍ ላይ የለም" ስላት፣ "መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ድሬዳዋ መጥቶ ያውቃል?" ትለኛለች። ሃያ ዓመት ተከራክረናል፤ አንድም ቀን አላሸነፍኳትም።

ሁለታችንም እንቅርት ነበረብን። የእሷ ከእኔ ይበልጣል። ነጠላዋን ሁለት ዙር አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትደብቀው ነበር እንጂ፣ ምግብ ውሃ ካላስከተለችበት አይወርድላትም፤ ጋደም ካለች ደግሞ ትንፋሿ ያፏጫል። ሐኪሙ ሁለታችንንም መረመረና "የሁለታችሁም በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት፤ የእናትሽ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ የአየር ቧንቧዋን እየተጫናት ነው" አለ። እናቴ ነጠላዋን አጠበቀች። "መጀመሪያ የእሷ ይውጣ። ጠባሳዋን በዓይኔ ልየው። አምሮ ከዳነ እኔም እገባለሁ" አለች።

ይህንኑ ማታውን ለጎረቤታችን ለሱማሌዋ ባለሱቅ ደገመችላት፤ ነገሩ ምስክር ኖረው ማለት ነው። እናቴ ቃሏን አታጥፍም። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ" የምትለው ተረት ከአፏ አይለይም። የወለደችው ደግሞ እኔን ብቻ ነው።

በጥር ገባሁ፤ በሰላም ወጣሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል ድምፄ ሻክሮ በሹክሹክታ ብቻ ነበር የማወራው። እናቴ ስናገር አፍ አፌን ታየኝ ነበር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ሐኪሙ ክሩን ያወጣ ቀን መስታወት ሰጠኝ። ከአንገቴ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ተሰምሯል። "አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል፤ አንዴ ከጠቆረ ለመመለስ ያስቸግራል። ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት ሸፍኝው። ስትወጪ ሻሽ፣ ጥላ፣ የፀሐይ ቅባት" አለኝ። ቀጥሎም ድሬዳዋ መሆናችን ትዝ አለው መሰለኝ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየና ሳቀ።

የመጀመሪያው ወር የእናቴ የድል ወር ነበር። "ሐኪሙ ራሱ ምች አለ!" እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰች። ምች አላለም፤ ግን ማን ይሰማኛል፣ በሹክሹክታ የምትናገር ሴት? ቅባቱን ስቀባው በላብ ቀልጦ ኮሌታዬ ውስጥ ይገባል። ማተቤ ጠባሳውን እንዳይፈገፍገው ወደ እጄ አዛወርኩት። ባለሱቋ ስስ አረንጓዴ ሻሽ መርጣ በሱማሌ ሴቶች አጠማጠም አንገቴን ሸፈነችልኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባጃጅ ውስጥ የሚገባው ሁሉ "አሰላሙ አለይኩም" ይለኛል፤ እኔም "ወአለይኩም ሰላም" ብዬ እመልሳለሁ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ከኒም ዛፍ ወደ ኒም ዛፍ፣ ከአጥር ጥግ ወደ አጥር ጥግ ስሄድ የአሥር ደቂቃው መንገድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እሑድ እሑድ ጠዋት እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እንደምትመርጠው አገጬን ቀና አድርጋ ጠባሳዬን ትመረምራለች።

በሦስተኛው ወር ቀዩ መስመር እየሳሳ መጣ። እናቴ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፀባይዋ ተለወጠ።

መጀመሪያ ቲማቲም አማራት። በስድስት ሰዓት፣ ድሬ ሱቁን ዘግቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ "እስቲ ቀፊራ ደርሰሽ ነይ" አለችኝ። ቲማቲም በጋሪ ደጃችን ድረስ ይመጣል እኮ! ቀጥሎ ንጽሕና ያዛት። ሻሼን ልለብሰው ስል ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እዚህ አገር እርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም፤ እናቴ ይህን ስለምታውቅ ሁለተኛ ታጥበዋለች። ግቢያችን ካለችው ኒም ሥር የማስቀምጣት ወንበሬ፣ የተማሪ ደብተር ላርም ስመጣ፣ ፀሐይ ላይ ወጥታ እየጋለች አገኛታለሁ። አንድ ቀን ጭራሽ፣ "ትንሽ ፀሐይ ይንካሽ፤ ቫይታሚን ነው ይባላል" አለችኝ።

እናቴ ናት ይህን ያለችው! ዳማከሴዋ እናቴ! አረጀች፣ ሐሳቧ ሄደ ብዬ ደነገጥኩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው ብዬ ተከዝኩ።

ቀጥሎ ጥላዬ ጠፋ። ቤቱን ገለበጥኩት፤ የለም። ክፍል ሊገባ ሰዓቱ እየደረሰ ስለሆነ ሌላ ልገዛ፣ ደብተር አንገቴ ላይ ደግፌ ወደ ባለሱቋ ሮጥኩ። ጥላ የለኝም ስትለኝ ከስኳሩ ኬሻ ጀርባ አንድ እጀታ ብቅ ብሎ አየሁ። እጀታው ላይ እኔው ራሴ የጠቀለልኩት ቀይ ፕላስተር አለ።

"ይሄ የኔ ጥላ አይደል?"

"አባዮ፣ ዋላሂ እኔ አልሰረቅኩም!" አለች። አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው፤ ሲጨንቃት ነው እንዲህ የምትጠራኝ። "አደራ ነው። እናትሽ ደብቂልኝ አለችኝ። አደራ ደግሞ አይወራም፣ አልናገርም።"

"ተናገርሽ እኮ!"

"አቦ፣ እኔ መች ተናገርኩ? አንቺ አየሽ እንጂ!"

ትምህርቱም ቀረ። ጥላዬን ይዤ እየነደድኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ኒሟ ሥር፣ በእኔው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጥላውን እግሯ ሥር አስቀመጥኩና፣ "የገዛ ልጅሽን ለፀሐይ ትሰጪያለሽ? ሃያ ዓመት ምች ምች ብለሽ?" አልኳት። ጮህኩባት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ ጥላውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። "ጠባሳሽ እያማረ መጣብኝ፤ ካማረ መግባቴ ነው" አለች።

ያኔ ገባኝ። ቃሏን ማጠፍ ስላልቻለች ጠባሳዬን ልታበላሽ ተነስታ ኖሯል! ንዴቴ ሳይበርድ ሳቄ መጣ። "ቢላውን ነው የፈራሽው?" አልኳት።

"ቢላ ምን ያደርገኛል? ድምፄን ነው እንጂ። አንቺ ሦስት ሳምንት እንደ አይጥ ስትንሾካሾኪ አይቻለሁ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ተመለሰልሽ። የእኔ ሄዶ ቢቀርስ? እኔ ገንዘብ የለኝ፣ ትምህርት የለኝ፤ አንቺን ያሳደግኩሽ በዚሁ በድምፄ ነው።"

ሳቄን ተውኩት። እናቴ የምትፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ትንፋሿ ሲያፏጭ ሰማሁት። "እማዬ፣ ቃልሽን መልሼልሻለሁ። እኔ እንደዚህ እየፈራሽ ግቢ አልልሽም" አልኳት።

ቀና ብላ ገረመመችኝ። "አንቺ ማነሽና ነው ቃሌን የምትመልሺልኝ? ያንን ሻሽ ጠምጥሚ፣ አንገትሽ ፀሐይ ላይ ነው!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላውን ራሷ ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሰኝ ጀመር። አርባ ምናምን ዓመት የሞላኝ መምህርት፣ እናቷ ጥላ ይዛላት በተማሪዎቿ ፊት ስታልፍ ምን እንደሚሰማት አልናገርም። በሐምሌ፣ ስድስት ወሩ በሞላበት እሑድ፣ መነጽሯን አድርጋ አገጬን ቀና አደረገች። ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ብቻ ቀርቷል። በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። "አምሯል" አለች። በሳምንቱ ገባች።

እንቅርቷ በሰላም ወጣ። ምግብ ያለ ውሃ ይወርድላት ጀመር፤ ጋደም ስትልም ትንፋሿ አያፏጭም። ድምፅ ግን የለም። ሐኪሙ የድምፅ ነርቩ አልተነካም፣ ታገሡ አለን። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ አምስትም አለፈ። ነገር ስትፈልግ ወንበሯን በማንኪያ ትመታለች። ባለሱቋ ማታ ማታ ሱቋን ዘግታ እየመጣች የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ትነግራታለች፤ እናቴ ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። ባጃጆቹ ደጃችንን ሳይቆሙ ያልፋሉ። እኔም ጠባሳዬን ሸፍኜ ያሳመርኩት እኔ ነኝ፣ ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ እያልኩ ራሴን እበላ ነበር።

በመስከረም አንድ ቀን፣ የከሰዓት ክፍል ረፍዶብኝ፣ ሻሼን ረስቼ በስድስት ሰዓት ተኩል ከቤት ወጣሁ። አስፋልቱን ግማሽ ድረስ ተሻግሬያለሁ።

"አንቺ ልጅ! ሻሹን! ምች ይመታሻል!"

ድምፁ የሻከረና የተሰነጠቀ ነበር፤ ቢሆንም የእሷ ነው። አንድ ባጃጅ ከአጠገቤ ቀጥ ብሎ ቆመና ባለባጃጁ አንገቱን አውጥቶ ማን እንደጠራው መፈለግ ጀመረ። ባለሱቋ ከሱቋ ወጥታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ፀሐዩ መሀል፣ አንገቴ እንደተራቆተ፣ እንባዬ እየወረደ ቆሜያለሁ።

ዞር አላልኩም። ደግማ እንድትጠራኝ ብዬ ያልሰማሁ መሰልኩ።