ባለ አንድ ሌንሱ ጋሽ ታደገ

ከፊሊፕስ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የቆየ የካሜራ መደብር ስገባ፣ ከጓዳው የሚወጣ የኮምጣጤ ሽታ ተቀበለኝ። እርጥብ ወረቀት፣ ያረጀ ቆዳና የጋለ አምፖል አብረውት ይሸታሉ። በዚህ ዘመን በሚኒያፖሊስ ፊልም በእጁ የሚያጥብ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትሁም ነበር። ሻጩ በመስታወት ባንኮኒው ላይ ያኖረልኝን ባለ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ ጨበጥሁ ቆምሁ፤ ሐሳቤ ግን ያደግሁባት ደሴ ደርሶ የጋሽ ታደገን ፎቶ ቤት ደጃፍ ረግጦ ነበር። የእርሱም ኮት እንዲሁ ይሸት ነበርና።

ወደ መደብሩ የሄድሁት ቁርጥ ውሳኔ ለማድረግ ነው። ልጄ ሰሎሞን ጡረታ ስወጣ ካሜራ ገዝቶልኛል፤ ከካሜራውም ጋር ቅርቡንም ሩቁንም የሚያነሣ ዙም ሌንስ አለ። አሁን ደግሞ ሃምሳውን፣ ማለትም የማይሳብና የማይሰበሰበውን ቋሚ ሌንስ ልጨምር ወይስ ይቅር እያልሁ ሳወላውል ሰንብቻለሁ። ሰሎሞን ከአፕል ቫሊ መጥቶ በመኪናው ሲያደርሰኝ፣ መንገድ ላይ ተከራከረኝ።

«አባዬ፣ ፊፍቲው እኮ ዙሙ ውስጥ አለ። ኮቨር ያደርገዋል። ለምን ሁለት ትሸከማለህ?»

ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ሃምሳ የሚለው ቁጥር በዙሙ ቀለበት ላይ ተጽፏል። እኔም በበኩሌ ቋሚው ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት አፉ ሰፊ መሆኑን፣ በክረምት በደብዛዛ ሳሎን ውስጥ ያለ ፍላሽ ሊያነሣ እንደሚችል፣ ክብደቱም ቀላል መሆኑን ዘረዘርሁለት። ሁሉም እውነት ነው። ዋናውን ምክንያት ግን አልነገርሁትም። ዋናው ምክንያት እናቱ ነበረች።

ባለቤቴ አስካለ ስትሮክ ከመታት ወዲህ የፊቷ ግራ ጎን ዝቅ ብሏል። ንግግሯ ተመልሷል፤ ቀልዷማ ጭራሽ አልተነካም። ፎቶግራፍ ግን አትነሣም። የልጅ ልጃችን ሰርግ ተቃርቧል፤ አስካለ ደግሞ እመርቃለሁ፣ እበላለሁ፣ ፎቶው ላይ ግን እንዳትፈልጉኝ ብላ ቁርጧን ተናግራለች። ሙሽራዪቱ ይህን ስትሰማ አልቅሳለች። እኔም ባለፈው እሑድ ከሳሎኑ ማዶ ቆሜ፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው ስቤ፣ ሳላስፈቅዳት ላነሣት ሞከርሁ። አስካለ ከምትሠራው ሹራብ ቀና እንኳ አላለችም።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሚዳቋ መሰልሁህ ከሩቅ የምታነጣጥርብኝ?»

ካሜራውን ዝቅ አደረግሁ። ጋሽ ታደገ በዚያ ሳሎን ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር አልጠፋኝም።

ጋሽ ታደገ ባርኔጣ የማይለየው፣ ጣቶቹ ከፊልም ማጠቢያው መድኃኒት የተነሣ ቡናማ የሆኑ፣ ረጅም ሰው ነበር። በፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሐይቅ፣ ከሐይቁም በላይ አውሮፕላን ተሥሏል። መስተዋቱ አጠገብ ማበጠሪያ በሲባጎ ታስሮ ይንጠለጠላል። ኮት ለሌለው ደንበኛ የሚያውሰው ጥቁር ኮትና የተቋጠረ ከረባት በሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ኮቱ ለሁሉም ሰው ይሰፋ ስለ ነበር ጀርባውን በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል። ካሜራው ባለ ሦስት እግር ሲሆን ያለው ሌንስ አንድ ብቻ ነው። ሰውን ትልቅ አድርጎ ለማንሣት ሲፈልግ ካሜራውን ተሸክሞ ይጠጋል፤ ከመጠጋቱ በፊት ግን ባርኔጣውን አውልቆ «ልቅረብ?» ይላል። «ቅረብ» ካልተባለ ጫማውን አያነሣም። ለዳኛውም ለአትክልት ሻጯም እንዲሁ ነበር። ለትምህርት ቤት ፎቶ በተነሣሁበት ቀን ለእኔም ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ ከኋላዬ የቆመ ትልቅ ሰው ያለ መስሎኝ ዘወር ብዬ አይቻለሁ።

አባቴ አያ ይመር በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ጊዜ በረሃ ላይ የጋለውን ራዲያተር ሲከፍት እንፋሎቱ ቀኝ ጉንጩን ላጠው። ቁስሉ ከዳነ በኋላም በፎጣ ተሸፋፍኖ ከቤት ዋለ። መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ አዲስ ጉርድ ፎቶግራፍ ተጠየቀ፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። የመኪናው ባለቤት እስከ ፋሲካ ካልመጣ መሪውን ለሌላ እንደሚሰጥ ላከበት። እናቴ ለመነችው፤ ሽማግሌም አስላከችበት፤ ፎጣው ግን ከፊቱ አልወረደም። በመጨረሻ ለጋሽ ታደገ ነገረችው።

አንድ ማለዳ ጋሽ ታደገ ካሜራውን በትከሻው አድርጎ መጣና ከግቢያችን በር አጠገብ ከኮክ ዛፉ ሥር አቆመው። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የጋሽ ታደገ ባርኔጣ ወረደ።

«አያ ይመር፣ ልቅረብ?»

«እዚያው ሁን» አለ አባቴ።

ጋሽ ታደገ እሺ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬ ገበያ፣ ስለ ሚሌ ወንዝ ሙላት አወራ። ቆይቶ ደግሞ ጠየቀ፤ አባቴም ትንሽ እንዲጠጋ ፈቀደለት። እንዲህ እየጠየቀና እየተፈቀደለት፣ የዛፉ ጥላ ከግድግዳው ላይ በወረደ ጊዜ፣ ከበረንዳው ጫፍ ደርሶ ነበር። እናቴ ከበሩ ጀርባ ሆና በስንጥቁ ታያለች። አባቴ ፎጣውን በገዛ እጁ አወረደ።

«ፎቶውን በእርሳስ እየነካካህ ታሳምራለህ ይባላል» አለው ዓይኑን ሳያነሣ።

«ለሙሽራ አሳምራለሁ። አንተን ባሳምርህ ግን ትራፊኩ ‹የማንን ፎቶ ሰርቀህ ነው?› ብሎ ያስርሃል።»

አባቴ ሳቀ። ከተቃጠለ ወዲህ ሳቁን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጋሽ ታደገ ሳቁ ከፊቱ ላይ እስኪረጋ ጠብቆ አነሣው። ከፋሲካ በፊትም አባቴ ወደ መሪው ተመለሰ።

ያን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሜ ሳሎናችን ውስጥ ሰቅየዋለሁ። የተላጠው ጉንጭ አልተደበቀም፤ ዓይኖቹ ግን ደጁ የደረሰን እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ዓይን ናቸው።

በመደብሩ ውስጥ ሃምሳውን በካሜራዬ ላይ ገጥሜ ሻጩን አየሁት። ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ጣቶቼ በልማድ የሚጠመዘዝ ቀለበት ፈለጉ፤ የሚያቀርበው ግን አልነበረም። መራመድ ነበረብኝ። ዙሙን አልንቀውም፤ በሰርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ሲገቡና ወጣቱ ሲጨፍር ጉልበቴ አይደርስባቸውም፣ እርሱ ይደርሳል። ለአንድ ሰው ፊት ግን ሌላ መሣሪያ ያስፈልገኝ ነበር። ሰሎሞን ራሱን እየነቀነቀ «ኦኬ አባዬ፣ አንተን ካሳመነህ» አለና የገዛሁትን ሌንስ ሣጥን ተሸከመልኝ።

ቤት ስንደርስ አስካለ ግራ ጉንጯን በሻሽ ሸፍና በመስኮቱ አጠገብ ሹራብ ትሠራ ነበር። የበረዶው ነጸብራቅ ግራ ጎኗን አብርቶታል። በበሩ ላይ ቆሜ አዲሱን ሌንስ አሳየኋት።

«ይህኛውስ ስንት ሰፈር አሻግሮ ያያል?» አለች።

ምንም እንደማያሻግር፣ ካልተጠጉ በቀር እንደማያገለግል ነገርኋት። ከዚያም የሱፍ ቆቤን አወለቅሁ።

«ልቅረብ?»

የጋሽ ታደገን ታሪክ ከእኔ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ዓይኗን ወደ አባቴ ፎቶግራፍ ላከች፤ ከዚያም ወደ ቆቤ። «እዚያው ሁን» አለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ስለ ሰርጉ ድግስ፣ ስለ ሙሽራዪቱ ጫማ፣ በረዶውን ማን እንደሚጠርግ አወራን። ሰሎሞን ሣጥኑን እንደ ያዘ ከኮሪደሩ አልተንቀሳቀሰም።

ብርሃኑ ከመስኮቱ ሳይሸሽ አስካለ ሹራቧን ጭኗ ላይ አኖረች፤ ግራ ጉንጯን የሸፈነውንም ሻሽ ወደ ኋላ መለሰችው።

«ቅረብ» አለችኝ።