የጉራንጉሩ ሙቀት

ኸባብ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ኤሲና ቬንትሌተር ሲጠግን ኖሯል። ማሽን ይወዳል፤ የማሽን ባለቤት ግን ይንቃል። ማሽን ቢበላሽ እንኳ አይዋሽም ባይ ነው።

ከሱቁ ጀርባ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጉራንጉር አለ። ነዋሪዎቹ ድሮ ቬንትሌተር ይበቃቸው ነበር። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ሲብስ ግን ጨርቅ ነጋዴው በሺር ኤሲ አስገባ፤ ትኩስ አየር የሚተፋውን ኮምፕረሰር ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ ከዊዳድ መስኮት ፊት ለፊት አሰቀለ። ዊዳድ አንድ ወር ተጠብሳ እሷም አስገባች። የሷ ወደ ጎረቤቷ ወደ ዳሃቦ ተፋ፤ ዳሃቦም አስገባች። በሁለት ዓመት ዘጠኝ ደረሱ። ሁሉንም የገጠመው ኸባብ ነው፤ ለዚህም ራሱን ሳይንቅ አልቀረም።

ግንቦት ላይ ዘጠኙም አላቀዘቅዝ አሉ። ባለቤቶቹ ማሽኑን ረገሙ። ኸባብ ጉራንጉሩን በቴርሞሜትር ለካው፤ ከዋናው መንገድ በስድስት ዲግሪ ይበልጣል። ሰብስቦ አስረዳቸው፤ አንዱ የተፋውን ሙቀት ሌላው ይስባል፣ ማሽኑ ሲጨነቅ መብራት ይበላል፣ ብዙ በበላ ቁጥር የባሰ ይተፋል። ኮምፕረሰሮቹን በሙሉ ጣሪያ ላይ እናውጣቸው አላቸው።

በሺር ጥርሱን እየፋቀ ሰማው።

«አቦ ኸባብ፣ እነሱ ያውጡ። የኔ አንዲት ኤሲ ምን ታመጣለች?»

ሌሎቹም ተቀባብለው ያንኑ አሉ። ኸባብ ሰዎቹ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከፊሎቹ ተደባብቀው ትልልቅ ኤሲ አስመጡ። ኸባብ አልገጥምም ቢል ሌላ ሰው ገጠመላቸው። ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነደደ። ለአስራ አንድ ቀን ቬንትሌተር እንኳ የሚያዞር መብራት ጠፋ። የዳሃቦ እናት ሙቀቱ ጥሏቸው ሐኪም ቤት ገቡ። በሺር ሽርጡን አገልድሞ ደጁ ላይ ተጎልቶ ትራንስፎርመሩን፣ ሠሪዋን ቻይናንና ፀሐይን ሲሳደብ ሰነበተ።

መብራት ሲመለስ ዊዳድና ዳሃቦ ወደ ኸባብ መጡ። ብዙም አላወሩም፤ የኛን ጣሪያ ላይ አውጣልን አሉት። አወጣላቸው። በሁለቱ መነሳት ጉራንጉሩ ትንሽ ተነፈሰ።

በሳምንቱ በሺር ኸባብን አስቁሞ ኤሲው ደህና እያቀዘቀዘ መሆኑን በኩራት ነገረው።

«አየህ? ማሽኑ ራሱ ዳነ። አንተ ዝም ብለህ ስታስፈራራን ነበር።»

ኸባብ ከእግሩ እስከ ራሱ አየውና፣ የመሣሪያ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ።