የአያ ሞላ የዋንዛ ገበታ

ኀሙስ ጠዋት፣ ጥቅምት ሳይጋመስ፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የአራት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ከቢቸና ተነሣሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ታላቅ ወንድሜን አያ ሞላን ከሞጣ ይዤ መመለስ። አባታችን ቄስና የቅኔ መምህር ናቸው። አያ ሞላ ቅኔ ቤቱን ትቶ መሮና መጥረቢያ ሲይዝ፣ «የጠራቢ ማዕድ የቀመሰ ልጄ አይደለም» ብለው ገዝተው ነበር። አሁን ዓይናቸው ሲደክም ሆዳቸው ባባ። «መጥረቢያውን ይጣልና ይምጣ» ብለው ላኩኝ።

በሁለት ብር ከእህል መኪና ጆንያ ላይ ተሳፈርሁ። ጉሙ አልነሣ ብሎ፣ የጤፉ ማሳ ከግራ ከቀኝ እየታየ ይጠፋል። ደብረ ወርቅ ላይ ጠላና ዳቦ ቀመስን። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ይሁን ጉም እንጃ፣ አገሩ ሁሉ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። የነቃሁት መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ነው። ምን ይደረግ፣ አንድ ባላገር ቤት አድሬ የቀረውን በእግሬ ኳተንሁት።

ሞጣ፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት

አያ ሞላ በር ላይ አቅፎ ሳመኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ልብሱ እንጨት እንጨት ይሸታል። ገብቼ ቆሜ ቀረሁ። አቤት ገበታ! ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። እግሮቹ እንደ ሥር ተጠማዘዋል፣ ጠርዙ የትም ቀጥ አይል፣ ፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሳስኬድበት ከቤታችን ጓሮ ያለው ተረተር ከጣቴ ሥር መጣ፤ ቀጥሎ ወንዙ የሚታጠፍበት።

«አያ፣ ይሄ ቢቸና አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ የማንን አገር ልቀርጽ ኖሯል? ሦስት ክረምት ፈጀብኝ። ሲናፍቀኝ እቀርጻለሁ፤ ሲብስብኝ እተወዋለሁ።»

የአባባን መልእክት ነገርሁት። መሮውን አገላብጦ አየና፣ «ይሄን ከጣልሁ የሚመጣላቸው ሌላ ሰው ነው» አለ።

ሽሮው ሲደርስ የእሱን ገበታው ላይ፣ የእኔን ግን ለብቻ ጥግ ካለው መደብ ላይ አስቀመጠ።

«ግዝቱን አውቃለሁ፣ ይሁኔ። አልቀየምህም፤ እዚያው ብላ።»

ሄጄ ገበታው አጠገብ ተቀመጥሁና እጄን ወደ እሱ ሳህን ሰደድሁ።

«ምነው፣ አበድህ?» አለኝ፤ እያለቀሰ አጎረሰኝ።

ቢቸና፣ እሑድ

በመልስ መንገዴ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰውን የእጅህን ሥራ ጥለህ ና ማለት፣ አትምጣ ማለት ነው። አባባ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የታለ?»

«መጥረቢያውን አልጥልም አለ፣ አባባ። እኔም ከገበታው በላሁ። ልጅዎ ካልሆንሁ ይንገሩኝ።» ስለ ገበታው አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው፤ ተረተሩን፣ የወንዙን መታጠፊያ፣ ሦስቱን ክረምት።

አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«በእጅ ቢዳሰስ ይታወቃል?»

«እኔ በዳሰሳ ነው ያወቅሁት።»

«የገዘትሁም እኔ፣ የምፈታም እኔ» አሉ በመጨረሻ፣ ምርኩዛቸውን እየፈለጉ። «በል ተነሥ፣ በቅሎ ጫንልኝ።»