ማለዳ አሥራ ሁለት ላይ የሚዞር ቀን

አባቴ በግድቡ ሥራ ላይ ለዓመታት ሹፌር ነበር። የሚያሽከረክረው ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። አንዳቸውም የሌላውን ቋንቋ በደንብ አያውቁም፤ ግን ከአሶሳ እስከ ጉባ ያለውን መንገድ፣ በአቧራም በጭቃም፣ ስንት ጊዜ አብረው ተመላልሰውበታል። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ አባቴ እጅ ላይ አሰረለት። ባትሪ የለውም፤ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ውድ ሰዓት ነው። አባቴ ስለ ሰውየው ብዙ አያወራም። ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ» ይለዋል።

ውድ ሰዓት አይበላሽም ብሎ ያምን ነበር። ሲታጠብ አያወልቀውም፤ ውኃ አያስገባም ይላል። አንድም ቀን አስከፍቶት አያውቅም፤ የሚከፈተው ርካሽ ሰዓት ነው ይላል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የተመለስኩ ልጅ ብሆንም፣ ስለ ሰዓት የማውቀው ሁሉ ከእሱ የሰማሁት ስለነበር እኔም አምኜው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ በእጁ ያደርግለታል። ሰዓቱ ቀን የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለው፤ እስከ ሠላሳ አንድ ይቆጥራል። የኛ ወር ሠላሳ ስለሆነ፣ ወር በገባ ቁጥር አባቴ ማለዳ ተነስቶ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሠላሳ አንድን አሳልፎ አንድ ላይ ያደርሰዋል። ጳጉሜ ሲያልቅማ ከስድስት ተነስቶ ቁጥሩን ሁሉ አንድ በአንድ እያለፈ ነው የሚያዞረው። እንደዚያ ተጠንቅቆ ሌላ ዕቃ ሲነካ አላየሁም።

ባለፈው ጥቅምት ቁጥሩ ግማሹ አሥራ አራት፣ ግማሹ አሥራ አምስት ሆኖ ቆመ። ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። በምንኖርበት በባምባሲ ከተማ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚሠራው ልብስ ሰፊ እንዲህ ዓይነት ነገር አያመልጠውም።

«ባለሰዓቱ፣ ቀኑን እንኳ አልጠይቅህም። ሰዓቱን ንገረኝ።»

«ሦስት ከሩብ።»

«ሦስት ተኩል ሆኗል እኮ። ሰውዬ፣ ዋናው ቢሆን እንዲህ ይሆን ነበር? ፈረንጁ እውነተኛውን ሻንጣው ውስጥ ከቶ፣ ላንተ መሳዩን ነው ያሰረልህ።»

አባቴ አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ሰዓቱን ፈትቶ መደርደሪያ ላይ አኖረው። በሁለተኛው ቀን ጭራሽ ቆመ።

«ይኸው፣ ሞተ» አለኝ። ከዚያ እጁ ላይ የቀረውን ነጭ መስመር እያሻሸ፣ «ያን ሁሉ መንገድ አብረን ሄደን፣ መሳዩን ይስጠኝ?» አለ።

ሰኞ ወደ ሥራዬ ወደ አሶሳ ስመለስ አስፈቅጄው ሰዓቱን ይዤ ሄድኩ። ገበያው ዳር ያለውን የሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። ሰዎች ቆመው ነበር፤ እነሱ እየሰሙ «ይህ ሰዓት የውሸት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከበደኝ። በሦስተኛው ብቻውን አገኘሁት።

«አትፍራ፣ አምጣ» አለኝ። ሽማግሌ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛ የአፍ መፍቻው ስላልሆነ፣ እኔን ሴቷንም እንደ ወንድ «አንተ» ነው የሚለኝ። ክዳኑን ከፈተ፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብዙ ቆየ።

«ዋላሂ፣ ይሄ ውሸት አይደለም። እንዲህ ዓይነት እኔ ጋ ብዙ አይመጣም። ግን ዘይቱ ደርቋል። የማን ነው?»

«የአባቴ። ሹፌር ነበር።»

«ሹፌር! መኪናው ዘይት አይቀይርም?»

«ይቀይራል።»

«ታዲያ ይሄስ?» ፈገግ አለ። «መቆሙ ምንም አይደል። እጅ ላይ ካልዋለ ይቆማል፣ ሲያስሩት ይነሳል። ቀኑን መቼ ነው የሚያዞር?»

«ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

ማጉያውን አወረደ። «እሱ ነው። ፈረንጅ አሥራ ሁለት ሲሆን እኩለ ሌሊት ነው፣ ተኝቷል። እኛ አሥራ ሁለት ሲሆን ተነስተናል። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሲል፣ ቀን የሚያዞር ጥርሱ ቀኑን ነክሶ ይይዛል። ነክሶ እያለ ሰው ከገፋው ይሰበራል። ስንቱ ሰዓት እንዲህ ተሰብሮ እኔ ጋ መጣ። ከምሳ በኋላ አዙር በለው። እኔ ግን እጄን አላስገባም፤ አዲስ አበባ ላከው።»

ማደሪያዬ ገብቼ ፈረንጁ ለአባቴ የተወለትን፣ ከሰዓቱ ጋር ያመጣሁትን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ መመሪያ አነበብኩ። ሽማግሌው እውነቱን ነው። ውኃ የሚከላከለው ጎማም ያረጃል ይላል፤ ያንን ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት።

ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩ። ያን ፈረንጅ ነፃ ለማውጣት አባቴን ጥፋተኛ ማድረግ አለብኝ። በየወሩ እንደዚያ ተጠንቅቆ የነካውን ሰዓት፣ ያበላሸኸው አንተ ነህ ልለው ነው። ባምባሲ እስክደርስ በልቤ ስለማመደው የነበረው ረጅም ንግግር ፊቱን ሳየው ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ሰዓቱ ዋናው ነው።»

ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«የተበላሸው ቀኑን ማለዳ ስለምታዞረው ነው። ያን ጊዜ መነካት የለበትም።» የጥርሱን ነገር እንደምንም አስረዳሁት። አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት?»

«አዎ።»

«ሰውየው አይደለም?»

«አይደለም፣ አባዬ። እሱ የራሱን ነው የሰጠህ።»

ቀና ስል ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አፉ ግን ይስቃል። ሰዓቱን ከእጄ ወስዶ አሰረውና ክንዱን ወዘወዘ። የሰከንድ ቆጣሪው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በነጠላ ጫማው መንገዱን ተሻገረ። እኔ በራፉ ላይ ቀረሁ።

«ስማ» አለው ልብስ ሰፊውን። «ሰዓቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። «ይህም ያኮራል?»

«በገዛ እጄ» አለ አባቴ። «በየወሩ፣ ማለዳ እየተነሳሁ።»