የብርድ ኃላፊዋ

ባለፈው ሳምንት ከመናኸሪያው በታች ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ፕሪንት አስደርጌ ስወጣ፣ የቤቱ ልጅ የመጀመሪያውን ገጽ ሥዕል ደጋግማ አይታ «ቲቸር፣ ይሄ ሕንፃ የት ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ሕንፃ አይደለም፣ መርከብ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሙክታር ከሚኖርበት ከካናዳ የላከልኝ የጉዞ እቅድ ነው፤ በሚመጣው ሰኔ እሱና እኔ ሰባት ቀን በመርከብ፣ አምስት ቀን ደግሞ በባቡርና በአውቶቡስ አላስካ የሚባለውን የበረዶ ምድር ልንዞር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጭሮ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ ባሕርን የማውቀው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሥለው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አሁን የምተኛበት ክፍል ባለመስኮት ይሁን ባለበረንዳ ተብዬ እጠየቃለሁ።

ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመርኩ። አጠገቤ ሁለት ፍየሎች ትናንት የተጣለ ገራባ፣ ከቃሚዎች የተረፈውን የጫት ቅጠልና እንጨት፣ ያመነዥካሉ፤ የጠወለገ ጫት ሽታ ለሌላው ሰው ሽታ ብቻ ነው፣ እኔን ግን ዛሬም አንገቴን ያስቀብረኛል። ሰባተኛው ገጽ ድብ ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንደሚገባ ይዘረዝራል። አትሩጡ፣ ዓይኑን አትዩት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ በዝግታ ወደ ኋላ እያላችሁ መንገዱን ልቀቁለት ይላል። ሳቄ መጣ። ይህንን ሕግ እኔና ሙክታር ገና ፊደል ሳንቆጥር በቃላችን እናውቀው ነበር፤ ያስተማረን ግን ድብ ሳይሆን አባታችን ነው። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። የጤና ቅጽ ነው፤ ሙክታር የራሱን ሞልቶ ልኮታል። የመስማት ችግር ከሚለው ጎን «ግራ ጆሮ፣ ጭራሽ አይሰማም» ብሎ፣ ምክንያቱን ለሚጠይቀው መስመር ደግሞ «የልጅነት አደጋ» ብሎ ጽፏል። አደጋ! መኪና የገጨው ይመስል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በጉዞው ላይ የሚረዳው ሰው ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶውን ቀርቷል።

አባታችን የጫት ደላላ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሯል፤ እዚያ አንድ የመርከብ ሰው ወዶት ጥቁር የሱፍ ካፖርት ሰጥቶት፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይዤህ እሄዳለሁ ብሎት ነበር። መርከቡ ግን ሳይነግረው ሄደ። አባቴ ካፖርቱን ይዞ ወደ ጭሮ ተመለሰ፣ አገባ፣ ወለደን፣ ካፖርቱንም በመኝታ ቤቱ ምስማር ላይ ሰቀለው። ጭሮ ማለዳ ማለዳ ብርድ አታጣም፤ እሱ ግን ለብሶት አያውቅም፣ በዓል በመጣ ቁጥር አውርዶ በእጁ ይጠርገውና መልሶ ይሰቅለዋል።

ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ፍራሹ ይነጠፋል፣ ትራሱ ይደረደራል፣ አባቴ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ከመኢሶ በኮንትሮባንድ የመጣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረን፤ ክዳኑ ላይ ነጭ መርከብ፣ ከኋላው ደግሞ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የተነሣ የበረዶ ተራራ ተሥሏል። አባቴ ምርቃናው ያዝ ሲያደርገው፣ ዓይኑ ሲበራ፣ ምላሱ ሲፈታ፣ ክዳኑን መሐል ላይ አስቀምጦ እቅዱን ይጀምራል። ወላሂ፣ በዚያን ሰዓት ከእሱ የሚጥም አባት በምድር ላይ አልነበረም። ከአሰብ ተነሥተን በቀይ ባሕር፣ ከዚያ በታላላቆቹ ውቅያኖሶች አድርገን ፀሐይ ወደማትጠልቅበት ሰሜን እንሄዳለን፤ የቀረውን በባቡር ተሳፍረን ጫካውንና በረዶውን እናያለን። በረዶው ተሰንጥቆ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ መድፍ የተተኮሰ እንደሚመስል ከአሰብ መርከበኞች ሰምቶ ነበርና፣ ያንን ሲያወራ ጭኑን በጥፊ ይለዋል፣ እኛም በደስታ እንዘላለን። ሥራም አከፋፍሎን ነበር። ልብስ ሰፊ የነበረችው እናታችን እዚያ አንዲት ሳህን እንኳ አታጥብም፤ ሙክታር የገመድ ኃላፊ ነው፤ እኔ ደግሞ የዘጠኝ ዓመቷ ዘይነባ፣ ማንም እንዳይበርደው የምጠብቅ የብርድ ኃላፊ ነኝ። ድብ ቢመጣ እሱ ይገጥመዋል፣ እኛ እንሮጣለን።

ጭሮ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በምርቃና የታቀደ ነገር ሲነጋ አይነሣም። ማንም ሰው ተቀምጦ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ሲሠራ፣ ለጎረቤቱ መኪና ሲገዛ ሊያመሽ ይችላል፤ በማግስቱ «ያ መኪናስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም፣ ነውር ነው። እኛ ቤት ደግሞ ከነውርም በላይ ነበር። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የአባቴ ምርቃና ይወርዳል፤ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ክብሪቱን ማን አነሣው ብሎ ይጀምራል። ሬዲዮኑን ግድግዳ ላይ የከሰከሰው በዚያ ሰዓት ነው፤ ድመታችንን በእርግጫ ብሎ ወገቧን የሰበራት በዚያ ሰዓት ነው፤ እናቴን በፀጉሯ ጎትቶ ከመኝታ ቤት እስከ ግቢ በር ያደረሳት፣ ሙክታርን በቀበቶው ብረት መትቶ ቅንድቡን የተረተረው በዚያ ሰዓት ነው። የመግሪብ አዛን ለሌላው ሰው የሶላት ጥሪ ነው፤ ለእኛ ከአልጋ ሥር የመግቢያ ሰዓት ነበር።

እኔ ግን የብርድ ኃላፊ ነበርኩ፣ ኃላፊነቴንም አምኜበታለሁ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳለች፣ አባቴ ጫት ተራ ነው፤ የእናቴን መቀስ አነሣሁና ካፖርቱን ከምስማሩ አወረድኩት። ሒሳቡን ስሠራ ሰንብቻለሁ፤ አራት ሰው ስምንት እግር አለው፣ ካፖርቱ ሁለት እጅጌ አለው፣ እያንዳንዱ እጅጌ አራት ቦታ ቢቆረጥና አንድ አንድ ጫፉ ቢሰፋ ስምንት የሱፍ ካልሲ ይወጣዋል። ከትከሻው በኩል ያለውን ሰፊውን ለአባቴ መደብኩለት፤ እግሩ ትልቅ ነውና እንዳይጠበው ብዬ። የራሴንና የእናቴን ሰፍቼ ጨረስኩ። ሙክታር ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ካልሲዎቹን አየ፣ ካፖርቱን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ካፖርቱን መልሶ ሰቀለው፣ እጅጌ የሌለውን ጎን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሞከረ፣ ግን ሁለቱም ጎን እጅጌ አልነበረውም።

ያን ዕለት ምርቃናው ሲወርድ አባቴን ብርድ ብርድ አለው። ካለወትሮው ያንን ካፖርት አምጪልኝ አለ፤ እናቴ በድንግዝግዙ እጅጌውን ሳታስተውል አመጣችው። ክንዱን ሊያስገባ ሲል ክንዱ በቀዳዳው ወጥቶ ራቁቱን ቀረ። ትንሽ ቆሞ ክንዱን አየው። «ማነው?» ሲል ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የባሰ እንደሆነ እናውቃለን። አንዲት ካልሲ ከጀርባዬ ይዤ ቆሜያለሁ። ሙክታር ወደኔ ሳይዞር «እኔ ነኝ» አለ።

የመጀመሪያው ጥፊ ግራ ጆሮው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ መታው፤ በቡጢ መታው፣ ወድቆም ረገጠው፣ የብስኩቱን ክዳን አንሥቶ በጠርዙ ጀርባውን መታው፤ ጆሮውን የጨረሰው ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ደሙ በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙ ላይ ተንጣለለ። እናቴ የአባቴን እጅ ነከሰች፤ ሲያሽቀነጥራት በሩ መቃን ላይ ተላትማ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። ጎረቤታችን አዴ ሀሊማ ከአጥሩ ማዶ «ኢልመ ኬ አጄፍቴ!» ልጅህን ገደልከው እያለች ኡኡ አለች፤ ወንዶቹ ግን አባት ልጁን ይቀጣል ብለው ከበራቸው ሳይወጡ ቀሩ። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቻለሁ፣ ሁለት ጊዜም ዘግቼዋለሁ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ላይ ሐኪሙ ምን ደረሰበት ብሎ ሲጠይቅ እናቴ በረገፉት ጥርሶቿ ክፍተት እየተነፈሰች «አደጋ ነው» አለችው፤ ቃሉን ለልጆቿ ያወረሰችን ያን ቀን ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሚቀጥለው ከሰዓት በኋላ ነው። ፍራሹ ተነጠፈ፣ ጫቱ መጣ፣ ክዳኑ በተጣመመበት ተቃንቶ መሐል ላይ ተቀመጠ። አባቴ ሙክታርን ከጎኑ አስቀምጦ ራሱን እየዳበሰ «አንተ ካፒቴን ትሆናለህ፣ የገመዱን ሥራ ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለው። ሙክታር ጆሮው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ቃሉ እንዳያመልጠው ቀኙን አዙሮ ያዳምጣል። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። ጉዞው አልተሰረዘም ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

ሙክታር አሥራ ስምንት ሲሞላው ከቤት ወጥቶ ሄደ፤ ከአገር አገር ብሎ ካናዳ ገባ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ፣ ዳግም የአባቴን ደጅ አልረገጠም። እናቴ ቀድማ አረፈች። አባቴ ጉበቱ ታሞ በመጨረሻ እኔ ቤት ተኛ፤ ያኔ ሁለት ልጅ የወለድኩ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ የማሰኝ ሴት ነኝ። ጫት ካቆመ ወራት አልፎታል። አንድ ጠዋት፣ ጭንቅላቱ እንደ ውኃ ጠርቶ፣ «ለሙክታር ደውይልኝ። በካፖርቱ ነገር አፉ ይበለኝ። ጨርቅ ነበር እኮ፣ ዘይኑ፤ ለጨርቅ ብዬ ልጄን» አለኝና ሳይጨርሰው አለቀሰ። በሕይወቴ አባቴ ከምርቃና ውጭ ያቀደውን ሌላ ነገር አላስታውስም።

አልደወልኩም። ኔትወርክ የለም አልኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ፣ በማግስቱም የለም አልኩት። ከተነጋገሩ ሙክታር «እኔ አልነበርኩም» ይላል ብዬ ፈራሁ፤ ብርጭቆ ማንሣት የተሳነውን ያንን እጅ ፈራሁ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተ። የምርቃና ቃሉን አምኜ ፈጸምኩ፣ የጠዋት ቃሉን ግን አብሬው ቀበርኩት። ይህንን ለሙክታር ሳልነግረው ዓመታት አለፉ፤ እሱ ደግሞ ተነሥቶ መርከብ ተከራየልኝ።

ያን ቀን ከሻይ ቤቱ ሳልነሣ ደወልኩለት። ቅጹ ደረሰሽ ወይ፣ ባለበረንዳው ይሻላል፣ የበረዶውን መውደቅ ከአልጋችን ላይ እናያለን እያለ ሲፈነድቅ ድምፁ የአባቴን መሰለብኝ። አቋረጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ፍየሎቹ ገራባውን ሲያደቁት ይሰማኛል። በመጨረሻ «ምን ነበር ያለው? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «ስንት ጊዜ ጠየቀሽ?» አለ። ሁለት ጊዜ አልኩት። «ሁለት ጊዜ» አለና «አቦ፣ አሁን ዝጊው» ብሎ ራሱ ዘጋው።

ሦስት ቀን አልደወለም። ሦስቱን ቀን ጉዞው ቀረ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ይገባኛልም አልኩ። አባቴ አንድ ጆሮ፣ ሁለት ጥርስና የአንድ ቤት ልጅነት ወሰደ፤ እኔ ደግሞ ወንድሜ ለዚያ ሁሉ በካሣ መልክ ሊያገኛት የሚችላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ በደህናው ጆሮው ሊሰማት የሚችላትን፣ ከተናጋሪው አፍ ነጥቄዋለሁ። እኔ የደገምኩለት ቃል የአባቴ ድምፅ የለበትም፣ ሊኖረውም አይችልም።

በአራተኛው ቀን መልእክት ገባ። «ቅጹን ቶሎ ላኪ፣ ቦታ እያለቀ ነው። ካልሲ ግን የምገዛው እኔ ነኝ» ይላል። ስልኩን አቅፌ ካፖርቱን በቆረጥኩበት ዓመት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። ወረቀቱ እንደሚለው በረዶው ሊሰነጠቅ ሲል መርከቡ ሞተሩን ያጠፋል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከቀኝ የመጣውን ሙክታር ይሰማዋል፣ ከግራ የመጣውን ግን ሰው ካልነገረው አያውቀውም። የሚረዳው ሰው ስም በሚለው ባዶ መስመር ላይ «ዘይነባ፣ እህቱ» ብዬ ጻፍኩ። ቦታ ስለተረፈ «በግራው በኩል እቆማለሁ» የሚል ጨመርኩበትና ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ይዤው ሄድኩ።