የዕቃ መርማሪዋ

እትዬ በምግብ ቤታችን ጓዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሳህን አጥበዋል። እኔ ፊት ለፊት ሾርባና ሩዝ እየመዘንኩ እሸጣለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ደንበኛ እንኳ መልካቸውን አያውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ስልጠና ደርሶ ሲመለስ ግን ነገር ተለወጠ።

«በሌላው ዓለም ሰው ምግብ የሚገዛው የራሱን ዕቃ ይዞ ነው፤ ሱቁ ሁሉ መመሪያ አለው!» አለን ሰብስቦ።

እኛም መመሪያ ወጣልን። ዕቃ ይዞ ለመጣ ቅናሽ አለ። ዕቃው ግን ክዳን ያለውና ንፁህ መሆን አለበት፤ ከቆሸሸ ከነባለቤቱ ይመለሳል። መላሿ እትዬ እንዲሆኑ ተወሰነና «የዕቃ ንፅህና መርማሪ» የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ብናሾፍባቸው፣ ባጁን በመሀረብ ወልወል አድርገው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ችግሩ፣ እትዬ ሰው መመለስ አይሆንላቸውም። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የትናንት መረቅ የደረቀበት ሳህን ይዛ መጣች። «አምጪው ልጄ፣ አንዴ ለቅለቅ ላድርግልሽ» ብለው ጓዳ ገቡ። ወሬ መቼም እግር አለው። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው የከረመ ድስቱን ይዞ ተሰለፈ። አንዱማ ያረረ መጥበሻ አሳጥቦ ሲያበቃ «ዛሬ እንኳ አልራበኝም» ብሎ ሄደ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እኔ በንዴት ስጨስ እትዬ «ተዪው፣ ቤቱ የሚያጥብለት የለ ይሆናል» ይሉኛል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጓዳ ገብቶ፣ የማን እንደሆነ በማይታወቅ የድስት ክምር ላይ እጅ ከፍንጅ ያዛቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ መርማሪ ነዎት እንጂ የሰፈር ዕቃ አጣቢ አይደሉም! ከዛሬ ጀምሮ አንድ የደንበኛ ዕቃ ቢያጥቡ ከሥራ ይሰናበታሉ።»

ለጡረታቸው የቀራቸው ሰባት ወር ነው። የያዙትን ድስት ቀስ ብለው ሲያስቀምጡ ሳይ አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣጠር እጁን አጣምሮ እንደቆመ፣ አንዲት አሮጊት ጎድጓዳ የሾርባ ዕቃ አምጥተው ፊታችን አስቀመጡ። ጠርዙ ላይ ቅባት ረግቶበታል። ሴትዮዋ የሥራ አስኪያጁ እናት ናቸው።

እትዬ ዕቃውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «ምን ላድርግ?»

ይመለሱ እንዳይል እናቱ ናቸው። ይጠቡላቸው እንዳይል ሰልፉ በሙሉ ጆሮውን አቁሟል።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? እግሬ አለቀ እኮ!» አሉ እናትየው።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ዕቃውን አንስቶ ጓዳ ገባ። ውሃ ሲንቧቧ፣ የሆነ ነገር ወድቆ ሲንኳኳ ሰማን። ክራባቱ ርሶ ወጣና ዕቃውን በቀጥታ ለእኔ ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋ።

«መጀመሪያ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው» አሉ እትዬ። ተቀብለው ወደ መብራቱ አነሱት፤ ጣታቸውን በጠርዙ ዙሪያ አዙረው አሳዩት። ወዝ ብሏል።

«ቅባት አለው፤ አይቻልም።»

በሕይወታቸው የመለሱት የመጀመሪያው ዕቃ ይኸው ነው። ደስታዬን የምደብቅበት ጠፋኝ። እሱ ዕቃውን ይዞ ተመልሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳ ድምፁ መጣ፦ «እትዬ፣ እባክዎ አንዴ ይምጡልኝ!»

«የደንበኛ ዕቃ ነው» አሉ፣ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ። «ከነካሁት እሰናበታለሁ።»