ከጉባኤው በፊት የሚነበቡ

መጽሐፍ ጠራዡ በየዓመቱ የሚመጣውን ጉባኤ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠላዋል። «የእምነትና የጽሕፈት ጉባኤ» ይሉታል። ከሱ ምድር ቤት በላይ ባለው አዳራሽ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ቃል ክብር ሲያወሩ ይሰነብቱና፣ የተዋሷቸውን መጻሕፍት ጀርባቸውን ሰብረው፣ ገጻቸውን አጣጥፈው ይመልሱለታል። መጠገን የሱ ዕጣ ነው። በዚህ ቤተ መጻሕፍት ሥር ሠላሳ አራት ዓመት ሲሰፋና ሲያጣብቅ ስለኖረ ሰው ሁሉ «ጋሽ ሙጫ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን አይጠላውም፤ የሚጠላው የሚጠሩትን ሰዎች ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ደግሞ ዝርዝሩን ነው። ጉባኤው ሁለት ወር ሲቀረው ሰብሳቢው «ከጉባኤው በፊት የሚነበቡ ደራስያን» የሚል ወረቀት መግቢያው ላይ ይለጥፋል። ዐሥር ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሁለት ሦስት መስመር ምስጋና። ጋሽ ሙጫ ወረቀቱ ፊት ይቆምና፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ ይስቃል።

«ይሄን ማንም አላነበበውም። ይሄንንም። ይሄኛውንማ አምና እኔ ነኝ ልባስ የቀየርኩለት፤ ገጹ እርስ በርሱ እንደተጣበቀ ነው! አስመሳይ ሁላ!»

የሚያልፉትም «ሽማግሌው ጀመረው» ይሉና ደረጃውን ይወጣሉ። እሱ ራሱ ምን እንዳነበበ ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

ንዴቱ ምክንያት ነበረው። ታላቅ እህቱ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። አንዲት ልጇን ሕመም ከነጠቃት በኋላ፣ ሰው መጸለይ ሲያቅተው እንዴት እንደሚውል የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ ጻፈች። ይህ ከሆነ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ሁለት መቶውን ቅጂ የጠረዘላት ጋሽ ሙጫ ነው። በዚያው ሳምንት ለንብ አናቢዎች ማኅበር የሚጠረዝ መመሪያም እጁ ላይ ስለነበር፣ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ጣቱ እስኪላጥ ሠራ። ትልቁ ወረቀት ሲታጠፍ ዐሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ እጥፋት ይሉታል። ጠራዥ እጥፋቶቹን በተራ ሲሰበስብ ከግርጌ ያለችውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ቃል ላንብብ ካለ ሥራው አይገፋለትም።

መጽሐፉ የትም ሳይደርስ ቀረ። አሁን የእህቱ ዓይን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ከዓመት በኋላ ማንበብ እንደማትችል ቁርጡን ነግሯታል። ጋሽ ሙጫ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ቀርቶታል፤ ስሟን እዚያ የተረገመ ወረቀት ላይ በገዛ ዓይኗ ስታነበው ማየት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰብሳቢውን ለመነው። ለመነው ከማለት ተሳደበ ማለት ይቀላል።

«አንብበዋታል? አላነበቧትም! ካላነበቡ በምን አፍዎ ነው ሰው አንብብ የሚሉት?»

ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ኮቱ ላይ ብናኝ የማይታይበት ሰው ነው። «እናየዋለን፣ ጋሽዬ» ይላል። ጋሽ ሙጫ ከስድብ ሁሉ ይህን «እናየዋለን» ይጠላዋል። አምና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮለት በሩን ደርግሞ ወጣ።

ዘንድሮ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሰባተኛው ስም የእህቱ ነበር።

ጋሽ ሙጫ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥሎ፣ «ኧረ ጋሽዬ!» የሚለውን ዘበኛ «ዞር በል!» ብሎ፣ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ወደ እህቱ ቤት ገሰገሰ። መንገድ ላይ ከስሟ ሥር ያለውን ምስጋና አነበበ፦

«ሕፃኗ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ለእናቷ በንብ ቀፎ ምሳሌ የምትናገረው፣ ከገጽ አርባ ዘጠኝ ጀምሮ ያለው ክፍል እጅግ ጥልቅ ነው። ‹ንግሥቲቱ ከሞተች ቀፎውን አትነካኩ፤ ሠራተኞቹ ሌላ እስኪያሳድጉ ታገሡ› የሚለው ቃል ለሐዘንተኛ ሁሉ መጽናኛ ነው።»

ግሩም ነው አለ በልቡ። ከዚያ በላይ አላሰበም።

እህቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። አጉሊ መነጽሯን ወረቀቱ ላይ አስጠግታ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ አነበበች። ስሟ ጋ ስትደርስ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ንቦቹ ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«አንተስ? የንቦቹን ነገር እንዴት አየኸው?»

«እውነቴን ነው እትዬ፣ ንቦቹ ጋ ስደርስ ሁሌ ነው እንባዬ የሚመጣው። ድሮም ልጅቷ ነገር በምሳሌ ትወድ ነበር።»

እህቱ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። መደርደሪያው ላይ ካለው መጽሐፏ አንዱን አውርዳ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«የገጽ አርባ ስምንትን መጨረሻ አንብብልኝ።»

አነበበ። «ልጄ በመጨረሻው ቀን እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦» ዓይኑን ወደ ፊት ለፊቱ ገጽ አሻገረ። «የቀፎው መግቢያ ወደ ነፋስ መምጫ እንዳይዞር ጥንቃቄ ይደረግ።»

ጋሽ ሙጫ አንድ ገጽ ገለጠ፤ ንብ። ሌላ ገለጠ፤ የማር አቆራረጥ። ዐሥራ ስድስት ገጽ።

«ቁጥሩ እኮ... ቁጥሩ ልክ ነው፤ አራተኛ እጥፋት ነው» አለ።

«ቁጥሩማ ልክ ነው። የኔን ገጾች ደግሞ ለንብ አናቢዎቹ ሰጥተሃቸዋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!»

«ያመጣህልኝ ዕለት ነው ያየሁት። ነገ አንብቦት ራሱን ይዞ እየሮጠ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩህ። በሳምንቱ መጣህና ‹አነበብኩት፣ አለቀስኩ› አልከኝ።» መነጽሯን ጨርቅ ጠቀለለችበት። «ከዚያ ወዲያ ምን ልበልህ? ዐሥራ አንድ ዓመት እያየሁህ ኖርኩ።»

ጋሽ ሙጫ ደሙ ፈላ፤ በራሱ ላይ መፍላት ግን አላወቀበትም።

«ያ ደንቆሮ! ሬሳና ማር የማይለይ ሰብሳቢ! ጉባኤው ሲመጣ በሰው ሁሉ ፊት ባላዋርደው!»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች እህቱ። «ዝም በል። ሰውዬው ቢያንስ ንቦቹ ጋ ደርሷል።»

እጁ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ስፌቱ ጠንካራ ነው፤ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ እንኳ አንድ ክር አልላላበትም። ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሳ ጠየቀ።

«ልጅቷ ምን አለችሽ?»

«ገጽ አርባ ዘጠኝ ላይ ነው» አለችው። «ፈልገህ አንብበው።»